ከመከላከያ በጀት ስለተቆረጠው የካንሰር ገንዘብ

(መስከረም 2018 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ በማኅበረሰብ የጤና ቀን ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ሰው ጠርቶ “ስለ ካንሰርና ስለ በጀት ንገረን” ማለት ድፍረት ይጠይቃል። የበዓሉ ዶሮ ገና ከሆዳችን አልወረደም።

ሥራዬ ፋርማሲስትነት ነው። ፖለቲከኛ አይደለሁም። ለዴሞክራትም ለሪፐብሊካንም ድምፅ ልለምን አልመጣሁም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሁለቱም ደጋፊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቡና ላይ ስትከራከሩ ሰምቻችኋለሁ። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ገንዘብ ልነግራችሁ ነው። ከሁላችንም ታክስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። በፈረንጆቹ 2025 ከግማሽ በላዩ ተቆረጠ። ሲቆረጥ ግን ከእኛ ሰፈር ማንም ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ማርች 15 ቀን 2025፣ በእኛ መጋቢት 6 ቀን 2017፣ አንድ የበጀት ሕግ ተፈረመ። ያን ሰሞን ዜናው ሁሉ “መንግሥት ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?” የሚል ነበር። አልተዘጋም። ሕጉ መንግሥትን እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ አቆየው። ሁሉም እፎይ አለ። በሕጉ ሆድ ውስጥ ግን በመከላከያ በጀት ሥር ለሕክምና ምርምር ይሰጥ የነበረው ገንዘብ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 650 ሚሊዮን ዶላር ወርዶ ነበር። 57 በመቶ ተቀነሰ ማለት ነው።

በዝርዝር ልንገራችሁ። ለኩላሊት ካንሰር በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ዜሮ ሆነ። ለሳንባ ካንሰር 25 ሚሊዮን ነበር፤ ዜሮ ሆነ። ለጣፊያ ካንሰር 15 ሚሊዮን ነበር፤ እሱም ዜሮ። እዚህ ላይ ጣፊያ የምለው ፓንክሪያስን ነው፤ በአማርኛ ቆሽት የምትሉትም አላችሁ። የጡት ካንሰሩ ከ150 ወደ 130 ሚሊዮን ወረደ። የፕሮስቴቱ፣ ማለትም በወንዶች ፊኛ ሥር ያለው ዕጢ ካንሰር፣ ከ110 ወደ 75 ሚሊዮን ወረደ። ወንዶች፣ ይህቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

“ወታደርና ካንሰር ምን አገናኛቸው?” የሚል ጥያቄ በፊታችሁ ላይ አያለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፤ ግን ሳልናገረው ባልፍ የቀረው አይገባም።

በፈረንጆቹ 1991 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) አሜሪካ ውስጥ የጡት ካንሰር የያዛቸው ሴቶችና ቤተሰቦቻቸው ተሰባስበው አንድ ብሔራዊ ጥምረት መሠረቱ። ለምርምር የሚመደበው ገንዘብ ትንሽ ነው ብለው ተቆጡ። የደብዳቤ ዘመቻ ጀመሩ። ያሰቡት 175,000 ደብዳቤ ለማሰባሰብ ነበር። ይህ በዚያ ዓመት ጡት ካንሰር ይይዛቸዋል ተብሎ የተገመተው የሴቶች ቁጥር ነው። የተሰበሰበው 600,000 ሆነ። አስቡት፤ ኢሜይል የለም፣ ዋትስአፕ የለም፣ ቴሌግራም የለም። በእጅ የተጻፈ፣ ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው ዋሽንግተን ደረሰ። ገንዘብ ግን አልነበረም። ወይም ነበረ፤ የሚነካ አልነበረም። በ1990 በወጣ የበጀት ሕግ መሠረት የመከላከያ ገንዘብና የአገር ውስጥ ጉዳይ ገንዘብ በመሃላቸው ግንብ ተሠርቶ ነበር። ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት አይቻልም። ለቤት ኪራይ የተቀመጠውን ብር ለአስቤዛ እንዳትነኩ ተማምላችሁ፣ ልጅ ሲታመም ከየት እንደምታመጡት ግራ ሲገባችሁ ማለት ነው።

የአዮዋው ሴናተር ቶም ሃርኪን ሁለት እህቶቻቸውን በጡት ካንሰር ያጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ከመከላከያ ወደ ጤና ገንዘብ ለማዛወር ሞከሩ። አልሆነም። ከዚያ ዘዴውን ገለበጡት። ገንዘቡ ከመከላከያ መውጣት ካልቻለ ካንሰሩ ወደ መከላከያ ይግባ አሉ። ሠራዊቱ ቀድሞውኑ ለሴት ወታደሮችና ለወታደር ቤተሰቦች ማሞግራም የሚባለውን የጡት ራጅ ያነሳል። ስለዚህ ለጡት ካንሰር ምርምር 210 ሚሊዮን ዶላር በሠራዊቱ በጀት ውስጥ ተጻፈ። ይህ ለ1993 የበጀት ዓመት ነበር። መቼም ይህን የመሰለ ብልጠት የእኛም አገር ሽማግሌ አያመልጠውም።

ሠራዊቱ ገንዘቡን ሲቀበል እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቶ አያውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር አደረገ፤ አላውቅም ብሎ ጠየቀ። የአገሪቱን የሕክምና ሊቃውንት ተቋም ምክር ጠይቆ በምክሩ ሄደ። ታካሚዎቹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሱ። “ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል ስትወስኑ እኛም እንቀመጥ” አሉ። ተፈቀደላቸው። ዛሬም የምርምር ሐሳቦች ሲገመገሙ ከፕሮፌሰሮቹ ጎን በሽታው ይዟቸው የዳኑ ሰዎች ይቀመጣሉ። ሻይ ሊጠጡ አይደለም የሚቀመጡት። ድምፅ ይሰጣሉ። ድምፃቸውም ከሳይንቲስቱ ድምፅ እኩል ይቆጠራል።

ያ በአንድ በሽታ የተጀመረ ነገር አድጎ ፕሮስቴትን፣ የማሕፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰርን፣ የጭንቅላትና የአከርካሪ ጉዳትን፣ ፓርኪንሰንን ሌላም ሌላም አካተተ። ይህን የምርምር ገንዘብ የሚያስተዳድረው ቢሮ ሩቅ አይደለም። ፎርት ዴትሪክ ነው፣ ፍሬድሪክ ከተማ። ከዚህ በ270 አውራ ጎዳና ከወጣችሁና መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት አይሞላም። ኡበር የምትሠሩት ደጋግማችሁ በአጠገቡ አልፋችኋል።

አሠራሩ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ገንዘብ ፔንታጎን አይጠይቅም። ፕሬዚዳንቱም በሚያቀርቡት በጀት ውስጥ አይጽፉትም፤ የትኛውም ፕሬዚዳንት። በየዓመቱ ኮንግረስ ራሱ ነው የሚጨምረው። የበሽታውን ስምና የብሩን መጠን ይጽፋል፤ ገንዘቡ ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሄድ ግን አይጽፍም። ያን ገምጋሚዎቹ ይወስናሉ። እንግዲህ በየዓመቱ የሚጨመር ነገር በየዓመቱ ጠያቂ ይፈልጋል። ጠያቂ የጠፋ ዓመት ይቀራል። አባቶቻችን “ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል” ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይመስለኛል።

አሁን ወደ ወታደሩ ልመለስ። ሠራዊትና መድኃኒት ከዚህም በፊት ይተዋወቃሉ። በ1900 ኩባ ውስጥ ሻለቃ ዋልተር ሪድና ባልደረቦቹ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን በሙከራ አረጋገጡ። ሐሳቡን ከዓመታት በፊት ያቀረበው ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ነበር፤ ስሙ ሳይነሳ ሲቀር ስለሚያናድደኝ ነው የማነሳው። በዋልተር ሪድ ስም የተሰየመው የሠራዊቱ የምርምር ተቋም ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፎረስት ግሌን። እንጀራ ከምንገዛበት ሱቅ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው።

ይህ ተቋም ከምንም በላይ የሚታወቀው በወባ ሥራው ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደር በወባ እየወደቀ አስቸገረ። የነበረው መድኃኒት ክሎሮኪን አልሠራ አለ። ተቋሙ ከ250,000 በላይ ኬሚካሎችን ፈተሸ። ከዚያ ሜፍሎኪን ወጣ፤ በ1989 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። አንዳንዶቻችሁ አገር ቤት ስትሄዱ “ላሪያም” በሚል ስም ወስዳችሁታል። እኔ ፋርማሲስት ነኝና እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሜፍሎኪን እንቅልፍ የሚነሳ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ከባድ የአእምሮ መረበሽ የሚያመጣ መድኃኒት ነው። በ2013 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል። የወታደር ምርምር ያወጣው ሁሉ ወርቅ ነው አልልም። በ2018 የተፈቀደው ታፈኖኪንም ከዚሁ ተቋም ነው የተነሳው። እሱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ እየቆየ የሚመለሰውን የቫይቫክስ ወባ የሚያጸዳ ነው። ቫይቫክስን ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል። “ዳንኩ” ብሎ ሲጨርስ የሚነሳበት ያ ወባ ነው።

ደግሞ ከአሜሪካ ወጣ ብለን እንይ። ኮአርተምን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ? ጤና ጣቢያ ሁሉ አለ። ከ2004 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ፋልሲፓረም ለሚባለው ክፉው የወባ ዓይነት የመጀመሪያ መድኃኒት ሆኗል። ኮአርተም ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አርቲሜተርና ሉሜፋንትሪን። ሁለቱም የመጡት የቻይና መንግሥት ሜይ 23 ቀን 1967 በምስጢር ከጀመረው ወታደራዊ ፕሮጀክት ነው። በቀኑ ስም “523” ተባለ። ዓላማው በጫካ ውስጥ በወባ ያልቅ ለነበረው የሰሜን ቬትናም ጦር መድኃኒት መፈለግ ነበር። ሉሜፋንትሪን ራሱ የተሠራው በቻይና ጦር የሕክምና አካዳሚ ነው። ከዚያ ፕሮጀክት የተነሳችው ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ አርቲሜተር በተሠራበት በአርቴሚሲኒን በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአንድ ጦርነት ውስጥ በሁለት ወገን የተሰለፉ ሠራዊቶች አንዱን ትንኝ ሲያሳድዱ፣ መድኃኒቱ ጋምቤላና መተማ ያለ ልጅ አፍ ውስጥ ገባ። በ2024 ኢትዮጵያ ውስጥ ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙን የዓለም ጤና ድርጅት መዝግቧል። ያለ እነዚህ መድኃኒቶች ያ ዓመት ምን ይሆን ነበር?

ይህን ያነሳሁት ሠራዊት ደግ ነው ለማለት አይደለም። ሠራዊት የሚያስበው ለራሱ ወታደር ነው። ነገር ግን በሽታ የወታደርና የሲቪል ብሎ አይለይም። የተገኘው መድኃኒት ከካምፕ ይወጣል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ስለ ፕሮስቴት እመለሳለሁ ብያለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ከስምንት ወንድ አንዱ በዕድሜው የፕሮስቴት ካንሰር ይገኝበታል። ጥቁር ወንዶችን ለብቻ ብናይ ከስድስት አንዱ ነው። በዚህ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ ከነጮቹ እጥፍ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሆናችሁ የተቀመጣችሁ ወንዶች አያችሁ። አትደንግጡ፤ ግን እርስ በርስ አትተያዩም አልልም።

የሠራዊቱ የፕሮስቴት ምርምር ፕሮግራም በ1997 በ45 ሚሊዮን ዶላር ተጀመረ። ይህ የወታደር ጉዳይ ነው ወይ ከተባለ፣ ነው። አገልግለው የወጡ ወንዶች በሚታከሙበት ሥርዓት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ካንሰር እሱ ነው። ፕሮግራሙ ከጀመራቸው ሥራዎች አንዱ ትልልቅ ሆስፒታሎችን አገናኝቶ አዳዲስ መድኃኒቶችን በፍጥነት የሚሞክር ኅብረት ማቋቋም ነበር። ኤንዛሉታማይድ የሚባለው መድኃኒት ገና በመጀመሪያ ሙከራ ላይ እያለ ያለፈው በዚህ ኅብረት በኩል ነው። በ2012 ተፈቀደ። ዛሬ በየፋርማሲው የሚወጣ መድኃኒት ነው። የሚወስዱት አባቶች ከፎርት ዴትሪክ ጋር ዝምድና እንዳላቸው አያውቁም። ማን ይነግራቸዋል?

ፕሮግራሙ ሌላም ነገር ያደርጋል። ለምን ጥቁር ወንዶች በብዛት ይሞታሉ የሚለውን ጥያቄ እንደ ዋና ጉዳይ ይዞታል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም እዚህ አገር ቅጽ ላይ “ጥቁር” የሚለውን ሳጥን ስንሞላ ከጋናዊውም፣ ከጃማይካዊውም፣ ቅድመ አያቶቹ በባርነት ከመጡት አሜሪካዊም ጋር አንድ ቁጥር ውስጥ እንገባለን። በፖለቲካ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። በሕክምና ግን ችግር ያመጣል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ዶክተር ሊሳ ኒውማን የምትባል የጡት ካንሰር ቀዶ ሐኪምና ተመራማሪ አለች። ከባልደረቦቿ ጋር የጋናን፣ የኢትዮጵያን፣ የአፍሪካ አሜሪካውያንንና የነጭ አሜሪካውያንን ታካሚዎች አወዳደሩ። ያዩት “ትሪፕል ኔጋቲቭ” የሚባለውን፣ በሆርሞን መድኃኒት የማይያዘውን ክፉውን የጡት ካንሰር ነው። በጋና ታካሚዎች ላይ ከግማሽ በላይ ሆኖ ተገኘ። በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ ወደ 30 በመቶ። በኢትዮጵያውያን ላይስ? ወደ 15 በመቶ፤ ከነጮቹ ጋር ተመሳሳይ። እንግዲህ አስቡት። ስለ “ጥቁር ሴት” የተጻፈው ሁሉ የእኛን እናቶች በትክክል አይገልጽም ማለት ነው። ይህን ያወቅነው አንድ ሰው ጠይቆ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ ናሙና ሰብስቦ፣ ገንዘብ ስለወጣበት ነው።

በወንዶቹ በኩልም እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ከስድስት አንዱ የሚለው ለሐበሻ ወንድ ይሠራል? ይበልጣል ወይስ ያንሳል? እስኪመለስ ድረስ “ከስድስት አንዱ” ብለን እንጠንቀቅ፤ ሐኪሞቹም የሚሉት እሱን ነው። ግን የሚመልሰው ገንዘብ ያለው ላብራቶሪ ነው። በበጀቱ ላይ የወረደው መቀስ መጀመሪያ የሚቆርጠው እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ነው። ትልቁ የመድኃኒት ኩባንያ የሐበሻን ወንድ ለብቻው ለማጥናት አይቸኩልም። አይፈረድበትም፤ ገበያ አይሆነውም።

አሁን ስለ ተቃዋሚዎቹ ልናገር፤ ሰምተናቸው እንለፍ።

ሴናተር ጆን ማኬይን ለዓመታት ይህን ፕሮግራም ተቃውመዋል። ክፉ ሰው ስለነበሩ አይደለም። ክርክራቸው ቀላል ነበር፤ የካንሰር ምርምርን እደግፋለሁ፣ ነገር ግን የወታደር ገንዘብ ለወታደር ይዋል የሚል። በ2016 ፕሮግራሙን የሚያጠብ ሐሳብ በመከላከያ ሕግ ውስጥ አስገቡ። ሴናተር ዲክ ደርቢን ተነስተው ተከራከሩ። ሴኔቱ 66 ለ32 በሆነ ድምፅ ምርምሩን አዳነው። 66 ድምፅ ማለት ከሁለቱም ፓርቲ ነው። ያኔ ይህ ነገር የፓርቲ ጠብ አልነበረም።

እኔ የማኬይንን ክርክር አልንቀውም። እውነት አለው። ካንሰር በመከላከያ በጀት ውስጥ መኖሩ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ ከላይ እንደነገርኳችሁ በዘዴ ነው የገባው። ከዚያ ወጥቶ ወደ ሲቪሉ የጤና ምርምር ተቋም፣ ቤቴስዳ ወዳለው ኤን.አይ.ኤች. ይዛወር የሚል ካለ ልስማው። በ2025 የሆነው ግን መዛወር አይደለም። ገንዘቡ ወጣ፤ የገባበት ቦታ የለም። እንዲያውም ለ2026 በቀረበው የፕሬዚዳንቱ የበጀት ሐሳብ ኤን.አይ.ኤች. ራሱ ወደ 40 በመቶ ገደማ እንዲቀነስ ተጠይቆ ነበር። አንዱን ቤት አፍርሰህ “ወደ ወንድምህ ሂድ” ትላለህ፣ የወንድምየውንም ጣሪያ ታነሳለህ። ይሄ አይገባኝም።

ቁጠባ ነው የሚሉም አሉ። ሒሳቡን እንየው። የመከላከያ በጀት በዓመት ከ800 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከመቆረጡ በፊት የነበረው 1.5 ቢሊዮን ከዚያ ውስጥ ከአንድ ሺህ ብር ሁለት ብር አይሞላም። ያን በመቁረጥ የአሜሪካ ዕዳ አይቀልም። አንድ ትልቅ የጦር መርከብ አይገዛም።

ታዲያ ከእኛ ሰፈር ለምን ማንም አልጮኸም? ይህን ለብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዱ ምክንያት አሠራሩ ነው። ይህ ፕሮግራም ለአንድ ተመራማሪ ገንዘብ ሲፈቅድ የሦስቱንም የአራቱንም ዓመት አስቀድሞ ይመድባል። ስለዚህ ማርች ላይ በጀቱ ሲቆረጥ ትናንት የተጀመረ ሥራ አልቆመም። የተዘጋ በር በቴሌቪዥን አልታየም። የቀረው ገና ያልተጀመረው ነው። አንዲት ወጣት ተመራማሪ የኩላሊት ካንሰር ሐሳብ ይዛ ልታመለክት ስትል ማመልከቻው የለም። ምን ታደርጋለች? ወደ ሌላ በሽታ ትዞራለች፣ ወይም ኩባንያ ትቀጠራለች። ከእሷ ጋር የሚሠሩት ልጆችም ይበተናሉ። ከእነሱ ውስጥ የእኛም ልጆች አሉ፤ ይህ አካባቢ በየላብራቶሪው ሐበሻ የሞላበት ነው። ያ ያልተጀመረ ሥራ መድኃኒት ይወጣው የነበረው ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። የዚያን ጊዜ ታማሚው ምን እንደቀረበት አያውቅም። ስላላወቀም አይከስም።

ሌላው ምክንያት እኛው ነን። ካንሰርን በስሙ አንጠራም። “ያ በሽታ” እንላለን። ሰው ሲሞት “ትንሽ አሞት ነበር” ተብሎ ይታለፋል። ቀብር ላይ ሺህ ሰው እንሰበሰባለን፤ ምን እንደገደለው ግን ልጁ እንኳ አያውቅም። ልጁ ካላወቀ አርባ አምስት ዓመት ሲሞላው ለሐኪሙ “አባቴ ፕሮስቴት ነበረበት” ሊል አይችልም። ይህ ሼም ብለን የምንጠራው ነገር ሰው እየገደለ ነው። እነዚያ የ1991 ሴቶች ያሸነፉት ጡት የሚለውን ቃል በአደባባይ ደጋግመው በማለታቸው ነው። ያኔ ለአሜሪካኖቹም ነውር ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ፤ ከባድ አይደሉም።

አንደኛው ስልክ ነው። የበጀት ዓመቱ ሁልጊዜ ኦክቶበር 1 ይጀምራል። የመከላከያ በጀቱም በየዓመቱ በኮንግረስ እጅ ያልፋል። የካፒቶል ስልክ ቁጥር 202-224-3121 ነው። ደውላችሁ የሴናተራችሁን ቢሮ አገናኙኝ በሉ። ሜሪላንድ ያላችሁ ሴናተር ክሪስ ቫን ሆለን የበጀት ኮሚቴው አባል ናቸው፤ የእሳቸው ቢሮ ይህን ቢሰማ ይጠቅማል። ሴናተር አንጄላ አልሶብሩክስም አሉ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ማርክ ዋርነርና ቲም ኬይን አሏችሁ። ዲሲ ያላችሁ ሴናተር የላችሁም፤ ታርጋችሁ ላይ የተጻፈው ቅሬታ ይህ ነው። እናንተ ሜሪላንድ ያለ ዘመድ አስደውሉ። ዘመድ የሌለው ዲሲ ውስጥ የለም።

ምን እንበል ለምትሉ፦ “የምኖረው እዚህ ዚፕ ኮድ ነው። በመከላከያ በጀት ውስጥ ያለው የሕክምና ምርምር ገንዘብ እንደ 2025 እንዳይቆረጥ፣ ያኔ ዜሮ የተደረጉት የኩላሊት፣ የሳንባና የፓንክሪያስ ፕሮግራሞችም ገንዘብ እንዲያገኙ እፈልጋለሁ።” በቃ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም ችግር የለውም። ስልኩን የሚያነሳው ወጣት ሥራው መመዝገብ ነው። ዜግነት ያልወሰዳችሁም መደወል ትችላላችሁ፤ ነዋሪ ናችሁ፣ ታክስ ትከፍላላችሁ።

ሁለተኛው ለዳናችሁት ነው። እዚህ ውስጥ ካንሰር ይዟችሁ የዳናችሁ አላችሁ። እጃችሁን አውጡ አልልም። ነገር ግን ቅድም የነገርኳችሁ የግምገማ ወንበር ለእናንተ የተዘጋጀ ነው። አንድ የታካሚዎች ማኅበር ወይም የድጋፍ ቡድን ሊጠቁማችሁ ይገባል፤ ሥልጠናም ይሰጣል። ሳይንስ መማር አይጠየቅም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሐበሻ ተቀምጦ “ይህ ጥናት እኛን ለይቶ ያያል ወይ?” ቢል ፕሮፌሰሩ መልስ መስጠት አለበት። በእንግሊዝኛ ማንበብና መናገር የምትችሉ እህቶችና ወንድሞች፣ ከፕሮግራሙ በኋላ ፈልጉኝ። እንዴት እንደምታመለክቱ አሳያችኋለሁ።

ሦስተኛው ለወንዶች ነው። አርባ አምስት ዓመት የሞላችሁ ፒ.ኤስ.ኤ. ስለሚባለው የፕሮስቴት ምርመራ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ተራ የደም ምርመራ ነው። ልብሳችሁን አውልቁ አይልም፤ ያ ነው የሚያስፈራችሁ መቼም። ቁጥሩ ከፍ ካለ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ዕጢው በዕድሜ ሲያብጥም ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ የምለው፤ ኢንተርኔት ላይ አንብባችሁ ሌሊቱን ሙሉ እንዳትተኙ።

ኢንሹራንስ የሌላችሁ ከኋላ በስተቀኝ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነርሶች ተቀምጠዋል። በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚመረምሩ ክሊኒኮችን ዝርዝር ይሰጧችኋል። ከጎናቸው ደግሞ ስልክ ቁጥሩና የሚባለው ነገር በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት አለ። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ቢሮው ዝግ ነው፤ የድምፅ መልእክት ግን ይቀበላል፣ እሱም ይቆጠራል። ስለዚህ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ጊዜ አለን።

እሺ፣ ጥያቄ ያላችሁ ማይኩን ውሰዱ። ከእናቶች እንጀምር።